በቶሎሳ ስም የገባሁበት ቃለ መጠይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ የውሃ ቆጣሪ አንባቢዎቹ መስለውኝ ፒጃማዬን እንደለበስኩ ከፈትኩ። አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ሞባይሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። «ጋሼ ደረጀ እርስዎ ነዎት? ሌንሴ እባላለሁ፤ የቲቸር ቶሎሳ ልጅ ነኝ» አለችኝ። ግቢ ማለቱን ረሳሁ። ቶሎሳ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ መምህራን ክፍል ውስጥ አብረን እንግሊዝኛ ያስተማርን፣ አንድ ሲጋራ ለሁለት ያጨስን ወዳጄ ነበር። «ነበር» የምለው ሞቶ አይደለም፤ ብስራተ ገብርኤል ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ በደህና ይኖራል። ግን ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን፣ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ባርኔጣ ከፍ ከማድረግና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ከመባባል በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

አስገብቼ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። እዚሁ ለቡ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ኬጂ ታስተምራለች። አሁን ደግሞ ወደ እስያ ሄዳ እንግሊዝኛ ለማስተማር በኢንተርኔት እያመለከተች ነው። «መጀመሪያ የላክሁትን ድምፅ በጣም ወደዱት» አለችኝ። «‹አነጋገርሽ ግሩም ነው› ብለው ጻፉልኝ። ቀጥለው ፎቶ ጠየቁኝ፤ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ሌላኛው ድርጅት ደግሞ ኔቲቭ ስፒከር ብቻ ነው የምንቀጥረው አለኝ። ጋሼ፣ እኔ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ጓደኞቼ ፎቶሽን በአፕ አቅልተሽ ላኪ ይሉኛል። ምን ላድርግ ብዬ አባዬን ስጠይቀው ‹እኔን አትጠይቂኝ፤ ሂጂና ደረጀን ጠይቂው፤ ባንኮክ ኢንተርቪው የገባው እሱ ነው፤ ያኔ ምን እንዳሉት ይንገርሽ› አለኝ።»

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እሱ እኮ የድሮ ነገር ነው ልጄ፤ ረስቼዋለሁ» አልኳት። ልጅቷ የዋህ ናት፤ አመነችኝ። ሻይዋን ጠጥታ፣ ስልኬን መዝግባ፣ «ካስታወሱ ይደውሉልኝ» ብላ ሄደች። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምሳም እራትም በወጉ አልወረደልኝም። ቶሎሳ ለምን ወደ እኔ ላካት? ሊያሳፍረኝ? ወይስ እውነት ጠፍቶበት? በሃያ ምናምን ዓመት አንድ ጊዜ ደጄን ያልረገጠ ሰው ልጁን እንዴት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይልካል? ግራ ገባኝ። ሲገባኝ የኖረም ስለማይመስለኝ ነው አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ነገር ነገርን ያነሳዋል። እኔና ቶሎሳ አብረን ባስተማርንበት ዘመን ለቡ ከተማ አልነበረም፤ ሽምብራ ነበር። አሁን እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን የማይበት፣ መብራት ኃይል የሚባለው ሰፈር የቶሎሳ አባት ማሳ ከነበረበት ብዙ አይርቅም። በትክክል የቱ ጋ እንደነበር በመስኮት እያየሁ ለመለየት ስንት ጊዜ ሞክሬ ጠፍቶኛል፤ አስፋልቱና ፎቁ ምልክቱን ሁሉ ውጦታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲው እስከሚያደርሰን ድረስ በስልሳ አምስት ሳንቲም እንሄድና የቀረውን ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጭቃውን እየረገጥን እንገባ ነበር። አባቱ ኮርማ ከመሰለ ትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን ሳያወርዱ ከማሳው ዳር ተቀምጠው «ብሉ፣ ብሉ፣ መምህር የጠገበበት አገር የለም» ይሉናል። እሸቱን እየፈለፈልን እንበላለን። ቶሎሳ ባለ አጭር ሞገድ ራዲዮኑን ሆዱ ላይ አድርጎ በጀርባው ይተኛና የእንግሊዝኛ ዜና የሚያነበውን ሰውዬ እየተከተለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የከበደውን ቃል በእስኪርቢቶ መዳፉ ላይ ይጽፋል። ሰኞ ክፍል ሲገባ ያ ቃል ከአፉ የሚወጣው ከእናቱ የተማረው ይመስል ነበር። የእሱ እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይህን አሁን በሽምግልና አይደለም ያወቅሁት፤ ያኔም አውቀው ነበር፤ አልናገረውም እንጂ።

ተማሪዎቹ ስም አውጥተውልን ነበር። እኔ «ቀዩ ቲቸር»፣ እሱ «ጥቁሩ ቲቸር»። ማንም አይቀየምም ነበር፤ ወይም እኔ ስላልተቀየምኩ ማንም የማይቀየም መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው በመልኩ ነው የሚጠቆመው። አይተኸው የማታውቀውን እንግዳ እንድትቀበል ስትላክ «ቀይ ነው፣ ረዘም ያለ» ይሉሃል። የጠፋ ሰው በሬዲዮ ሲፈለግ «መልኩ ጠይም» ይባላል። ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጠቆር ያለ አለ፤ አንዱን ከአንዱ ለመለየት ዓይናችን የወርቅ አንጥረኛ ዓይን ነው። እናቴ «የኔ ቀይ» ትለኝ ነበር። ሰርግ ላይ ሚዜ ሲመረጥ እኔ ከፊት ነኝ፤ ፎቶ አንሺው ራሱ እጄን ይዞ ወደ መሐል ይስበኛል። ቅላቴን እንደ ዲግሪ ነበር የያዝኩት ማለት ይቻላል። ጥቁር ማለት ቶሎሳ ነው፣ እኔ ሌላ ነኝ ብዬ ማንም ሳያስተምረኝ አምኜ አደግሁ።

ብስራተ ገብርኤል አንዲት ኬክ ቤት ነበረች፤ ማኪያቶ አንድ ብር ከስሙኒ፣ ከላይ አረፋው ላይ ኮኮዋ የሚነሰንሱባት። ወሬው ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። ያኔ የወጣቱ ሱሪ ሰፊ ጂንስ ነበር፤ መንገድ የሚጠርግ። ያን ጂንስ ከባንኮክ የሚያመጡት ነጋዴዎች ከኬክ ቤቷ ጥግ ተቀምጠው «እዚያ እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው ሥራ መንገድ ላይ ተሰጥቷል፤ ማንሳት ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ስለ መሄድ፣ ስለ መለየት ነው፤ ያን ዘመን ዘፋኙም ተማሪውም መሄድ መሄድ ይለው ነበር። እኛም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅን። ቶሎሳ ሳሪስ ልብስ ሰፊ ጋ ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፋ፣ ከላዩም ቀጭን ሰማያዊ ክራባት ገዛ። እኔ ከወንድሜ ላይ ቡናማ ኮት ተዋስኩ፤ ኮሌታው የአህያ ጆሮ የሚያህል። እንደዚያ ሆነን ሄድን። ቪዛው አሥራ አምስት ቀን ነበር። በአሥራ አምስት ቀን ሥራ ካላገኘን ተመልሰን ጠመኔ ልናቦን ነው።

ያረፍነው የእኛ ነጋዴዎች በሚያዘወትሩት ፔንሲዮን ነበር። ኮሪደሩ ሁሉ ቦንዳ በቦንዳ ነው፤ በልብስ ክምር ላይ ተረማምደህ ነው ሽንት ቤት የምትደርሰው። እትዬ ፀሐይ የሚባሉ የመርካቶ ነጋዴ ነበሩ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ ይሠሩልናል፣ ቦንዳቸውን ስናስር ደግሞ ይመርቁናል። ጠዋት ጠዋት ከጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ቆርጠን፣ ማስረጃችንን በፕላስቲክ ይዘን፣ እኔና ቶሎሳ ጎን ለጎን እንሄዳለን። አምስት ትምህርት ቤት ዞርን። አምስቱም ፈገግ ብለው «እንደውላለን» አሉን። የደወለ የለም። አንዱ ማስታወቂያ ላይ «ጥቁር መምህራን እንዳያመለክቱ» የሚል በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ቶሎሳ ጮክ ብሎ አነበበውና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ እሱ አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ አዘንኩለት። ለእሱ ብቻ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሐሳብ ገባብኝ። አብረን ስለምንሄድ ነው የሚመልሱን። እኔን ብቻዬን ቢያዩኝ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም። ቪዛችን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ቶሎሳ በፔንሲዮኑ ስልክ አንድ ትምህርት ቤት ደውሎ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራ። ሴትዮዋ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሁሉ ጠየቀችው፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ «ነገ በአራት ሰዓት ና አለችኝ። እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ከሰማሁ ቆየሁ አለችኝ» አለ። እትዬ ፀሐይ ቦንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ እሱንም እኔንም አፈራርቀው አዩና «የኔ ልጅ፣ አንተን ሲያዩህ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ይሄ ቀዩ ይግባልህ። ከገባ በኋላ አንተን ይስብሃል» አሉ። ለጨዋታ ይሁን ለቁም ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ግን ቃላቸውን ከአፋቸው ላይ ነው ቀለብ ያደረግሁት። «እውነታቸውን ነው፤ አንተ ነኝ ብዬ ልግባ» አልኩት። ፓስፖርት ሲጠይቁ ምን እንደምል አላሰብንም። በኋላ ይስተካከላል አልን፤ አበሻ ሁሉን ነገር በኋላ ነው የሚያስተካክለው። ቶሎሳ ከሻንጣው ክራባቱን አውጥቶ አንገቴ ላይ በራሱ እጅ አሰረልኝ።

ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት። ጸሐፊዋ ወረቀቷን ይዛ ፈገግ እያለች መጣች። አልፋኝ ኮሪደሩን አየች። «ሚስተር ቶሎሳ?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ሚስተር ቶሎሳ?» አለች ደግማ። «እኔ ነኝ» አልኩ ደግሜ። ውሃ አምጥታልኝ እንድጠብቅ ነገረችኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። በዚያ መሐል አንድ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከየት አገር እንደሆነ አልነገረኝም፤ እንግሊዝኛው ግን እንደ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበር። በደብተሩ ላይ የያዘውን የሰዋስው ጥያቄ አሳይቶኝ «የትኛው ነው ትክክሉ?» አለኝ። አስረዳሁት። ሙያዬ ስለሆነ ደስ እያለኝ ሁለት ምሳሌ ጨመርኩለት። እሱ ተጠርቶ ገባ። ከውስጥ የልጆች ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ጸሐፊዋ ወጣችና ቦታው እንደተያዘ ነገረችኝ። ስላፈጠጥኩባት ያዘነችልኝ መሰለኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ አይደለሁም፤ ወላጆቹ ናቸው። ጥቁር መምህር አይፈልጉም» አለችኝ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። በእናቴ ስም፣ ቶሎሳ ተከትሎኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ግድግዳና ቢራቢሮ ብቻ ነው ያለው። ተመልሼ ሳያት እሷ እኔኑ ነው የምታየው። «አይ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልላት ነው? ሰፈሬ ውስጥ ምን እየተባልኩ እንደምጠራ ልነግራት? የሰርግ ፎቶዬን ላሳያት? አመስግኛት ወጣሁ፤ ለምን እንዳመሰገንኳት እግዚአብሔር ይወቀው። መንገድ ላይ የሱቅ መስታወት ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ ራሴን አያለሁ። የተለወጠ ነገር የለም፤ ጠዋት የወጣሁት ሰውዬ ነኝ። ታዲያ እሷ ያየችው ማንን ነው? በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወፍራም ኮት፣ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ተሳስቼ ተሳፈርኩ።

ቶሎሳ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «እ?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። እውነቱን ብነግረው እኔ ነጻ ነበርኩ፤ ጥፋቱ የእነሱ ነውና። ግን እውነቱን ለመናገር «አንተንና እኔን አንድ አድርገው አዩን» ማለት ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለ። «ድምፅህ የስልኩ ድምፅ አይደለም አሉኝ፤ ነቁብን» አልኩት። ቶሎሳ «እኔ ራሴ ብሄድ ኖሮ?» አለኝ። «ምናልባት» አልኩ። ያቺን «ምናልባት» እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ላወጣት አልቻልኩም። የጓደኛዬን እንጀራ በሞኝነት ያበላሸሁ ሰው መባልን፣ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ከመባል መረጥኩ። እንዲህ ያለ ምርጫ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚመርጠው? ያኔም አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም።

በቀሩት ሁለት ቀናት የእትዬ ፀሐይን ቦንዳ ስጭን ስለዋልኩ ብዙም አልተገናኘንም። አውሮፕላን ውስጥ ቦታው ተለያየ። አገር ቤት ስንገባ እሱ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በእኔ ምክንያት ዕድሉ ስላመለጠው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ቂም ያዘብኝ አልኩ፤ ቢይዝብኝም አልፈርድበትም አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ውሸት አልቀለለችም። አባቱ ሲሞቱ ለቅሶ ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቡ ተቀምጬ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብቻ ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ቅዳሜና እሁድን እንደዚህ ስብሰለሰል አሳለፍኩ። ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች። ሂጂ ልበላት? አትሂጂ ልበላት? ፎቶውን አቅልተሽ ላኪ ማለትማ፣ ያን ምክር አንድ ጊዜ ራሴው በሰው ላይ ሞክሬዋለሁ። ሰኞ አመሻሽ ላይ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ብስራተ ገብርኤል ወረድኩ። ኬክ ቤቷ የለችም፤ በቦታዋ ባንክ ነው ያለው። የቶሎሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው፤ ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። የማሽኑን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ ነበር፤ ሲያየኝ ጨርቁን አላስቀመጠም። «ደህና ዋልክ» አለኝ። «ደህና። ልጅህ መጥታ ነበር» አልኩት። «አውቃለሁ። ረስቼዋለሁ ብለሃታል አሉ» አለኝ።

ቆሜ ነገርኩት። ወንበር ሰጥቶኝ ነበር፤ ብቀመጥ የማልጨርሰው መሰለኝ። ስለ ፈረንጁ ወጣት፣ ስለ ጸሐፊዋ፣ ዞሬ ኋላዬን ስለማየቴ፣ ስለ ድምፁ የዋሸሁትን ሁሉ። ቶሎሳ አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ መስታወቱን ሲወለውል ቆይቶ «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«በማግስቱ እኔም ሄድኩ። አንተ ከእትዬ ፀሐይ ጋር ዕቃ ስትጭን ክራባቴን አስሬ ሄድኩ። እኔ ራሴ ብሄድ ኖሮ ስልህ ምናልባት አላልከኝም?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እና ምን አለችህ?»

«ያቺው ያልካት ጸሐፊ ነች፤ ገና ከበሩ ስገባ ነው የተናገረችው። ‹ሚስተር ቶሎሳ፣ ወላጆቹ ጥቁር መምህር አይፈልጉም ብዬ ትናንት ነግሬህ የለም ወይ?› አለችኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሱ በሳቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እኔም ሳቅሁ፤ የምስቀው በማን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ» አለ። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። «በሥራው አይደለም የተቀየምኩህ ደረጀ። ከእኔ ጋር አንድ መባልን ይህን ያህል እንደምትፈራው አላውቅም ነበር።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። «ለልጅቷስ ለምን ራስህ አልነገርካትም?» አልኩት፤ በሕይወቴ ከጠየቅሁት ሁሉ ከባዱ ጥያቄ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«እኔ ብነግራት፣ አባዬ በመልኩ ስለሚሰማው ነው ትላለች። ያው መልኳ ከእናቷ ነው የወጣው፤ እንዳንተ ቀላ ትላለች። ጓደኞቿ ፎቶሽን ትንሽ ካቀላሽው አንቺን አይመለከትም ይሏታል» አለኝ። «አንተ ስትነግራት ግን ታምናለች።»

ከዚያ ወደ ጓሮው ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሌንሴ፣ ነይ እስቲ፤ ጋሼ ደረጀ አስታውሷል።»